የሰንጋ ተራዋ ቁሌት ቤት፦ ከሥራ ለምትገባ ሚስት ምን ያህል ታሳርፋለች?

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ሜክሲኮ ስትሄዱ፣ የባንኮቹ ፎቆች ከተደረደሩበት ሰንጋ ተራ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ጠባብ ባልትና ቤት አለች። በሯ ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ነው፣ የአካባቢው ሠራተኛ ግን «ቁሌት ቤቷ» ነው የሚላት። በርበሬና ሽሮ የትም ይገኛል። እሷን ያስጠራት ተቁላልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ታሽጎ የሚሸጠው ቁሌቷ ነው። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብታልፉ ሰልፉን ታያላችሁ፤ ባጇን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በአንድ እጇ የልጅ ቦርሳ፣ በሌላው ስልክ የያዘች ሴት፣ ከኋላዋም እንደሷው ያለች ሌላ ሴት።

እኔም ከሰልፈኞቹ አንዷ ነኝ። እዚያው አካባቢ ነው የምሠራው፣ ባለትዳር ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ቤቷን ወድጃታለሁ። ግን ስለ ጣዕሟ ብቻ ጽፌ ብተው ዋናው ነገር ይቀርብኛል። ማወቅ የምፈልገው ይሄን ነው፦ ደመወዝተኛ ሚስት እዚህ ገብታ ስትወጣ በእርግጥ የሚወርድላት ሸክም አለ? ወይስ ሥራው ያው የሷ እንደሆነ ሰዓቱ ብቻ ነው የሚያጥረው?

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ቀይ ቁሌት አለ፣ አልጫ ቁሌት አለ፣ ሁለቱም በዘይት ወይም በቅቤ። የጾሙና የፍስኩ ድስት ለየብቻ ነው፣ ማማሰያውም ለየብቻ፤ የጾሙ ማሸጊያ አረንጓዴ ክዳን አለው። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ሁዳዴ ላይ አማቴ ስትመጣ ክዳኑን አሳያታለሁ፣ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ቀዩን ከፍታችሁ ብታዩት ሽንኩርቱ ሟሙቶ ጠፍቷል፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ አይልም፣ ዘይቱ ጠርቶ ከላይ ወጥቷል፤ ማንኪያ ብትተክሉበት እንደ ገንፎ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ቤት ውስጥ እዚህ ለመድረስ ምን እንደሚያስፈልግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሽንኩርቱን መላጥ፣ መክተፍ፣ ውኃው እስኪመጥ ያለ ዘይት ማቁላላት፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ከዚያ እንዳያር ውኃ ጠብ እያደረጉ ድስቱ ላይ መቆም። ከ1 ሰዓት በታች ጨርሻለሁ የምትል ካለች በርበሬዋ አልበሰለም። ይሄ ሁሉ ደግሞ ገና ምስሩም ሥጋውም ድስት ሳይገባ ነው።

በነሱ ቁሌት ከሆነ ግን ምስር ወጥ የሚፈልገው ምስሩ የሚበስልበትን ጊዜ ብቻ ነው። 12 ሰዓት ተኩል ቤት ከገባሁ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ማዕድ ቀርቧል። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ሳይጨርሱ እንቅልፍ አይጥላቸውም።

እንዲህ ያለ ሱቅ መጀመሪያ ያየሁት ግን አዲስ አበባ አይደለም። ደቡብ ኮሪያ፣ ሴኡል ለማስተርስ ሄጄ ነው። እዚያ በየሰፈሩ ገበያ ውስጥ ባንቻን ብቻ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ባንቻን ማለት ከሩዝና ከሾርባ ጋር የሚቀርቡት ትንንሽ ማባያዎች ናቸው፤ በሰሊጥ ዘይት የታሸ ስፒናች፣ በአኩሪ አተር ስጎ የተቀቀለ ድንች፣ የደረቁ ትንንሽ ዓሦች፣ ኪምቺ የሚሉት በቅመም የኮመጠጠ ጎመን። ሦስት እሽግ በ10 ሺህ ዎን። ማታ ከሜትሮ የወጡት ሴቶች ዘወር ብለው ይገዙና ወደ ቤታቸው ይሮጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ (ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማርኬት ከርሊ የሚባል አገልግሎት መጣና ማታ እስከ 5 ሰዓት ያዘዛችሁትን ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ በራችሁ ላይ ያደርስ ጀመር። ከ2013 ጀምሮ ከጨቅላ እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች የመዋያ ክፍያውን መንግሥት ነው የሚሸፍነው።

እኛ የምንመኘው ሁሉ እዚያ አለ ማለት ነው። ግን እዚያው አገር በትዳር፣ በእርግዝናና በልጅ ምክንያት ሥራቸውን ያቋረጡ ባለትዳር ሴቶች ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የወንድና የሴት የደመወዝ ልዩነት 30 በመቶ ገደማ ነው፣ ኦኢሲዲ በሚባለው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት ውስጥ ካሉት ሁሉ የሰፋው። አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ ትወልዳለች ተብሎ የሚሰላው የልጅ ቁጥር በ2023 ወደ 0.72 ወርዶ ነበር፣ በ2024 ትንሽ ከፍ ብሎ 0.75 ሆነ። ብዙ ወጣት ሴቶች ትዳሩንም ልጁንም ትተውታል።

ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጥ ኮሪያዊት ነበረች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ጎበዝ የሒሳብ ባለሙያ። ምን እንደጎደላት ስጠይቃት ገንዘብ ወይም መዋያ አላለችኝም። «ባንቻኑን የምገዛው እኔ ነኝ፣ ማለቁን የማውቀውም እኔ ነኝ፣ ልጁ ሲያመው መዋያው የሚደውለው ለኔ ነው» አለችኝ። ባሏ መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ እስከ ማታ ያቆየዋል፣ ከዚያ ከአለቆቹ ጋር እራት አለ፣ አልሄድም ማለት አይቻልም። እሷ ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለውን ሁሉ ተረክባለች።

ይሄ ነገር ሥር አለው። ኮንፊሽየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖረ ቻይናዊ መምህር ነው፤ ከሱ በኋላ የመጡት ደቀ መዛሙርት ያቆሙት ሥርዓት ቤተሰብን የመንግሥት ሁሉ መሠረት አደረገው፤ በአባትና በልጅ መካከል ፍቅር፣ በባልና በሚስት መካከል ደግሞ የድርሻ ልዩነት እንዲኖር አዘዘ። ባል ለውጭው፣ ሚስት ለውስጡ። ከ1392 እስከ 1910 ኮሪያን የገዛው የቾሶን ሥርወ መንግሥት ይሄን የአገር ሕግ አደረገው። ወንድን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ የሚመዘግበው ሥርዓት እንኳ የተሻረው በ2008 ነው። እኛም «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» ስንል ያደግን ስለሆንን ለመረዳት ሩቅ አይደለም። ለየት የሚለው ቁጥሩ ነው። በኦኢሲዲ የጊዜ አጠቃቀም መረጃ የኮሪያና የጃፓን ወንዶች ለቤት ሥራና ለልጅ በቀን 1 ሰዓት እንኳ አይሰጡም፣ ሴቶቹ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ይሰጣሉ። ሴቲቱ ደመወዝ ማምጣት ከጀመረች በኋላም ማጀቱ የሷ ነው።

ስለዚህ ቁሌት ቤቷን የምመዝናት በዚህ ነው። ሰልፉ ላይ ቆሜ ብዙ ወንዶች አያለሁ፤ ይሄ በራሱ ደስ ይላል። ግን ስሟቸው። «ሄሎ፣ የቱን ነበር ያልሽኝ? ቀዩን? የጾሙን ነው የፍስኩን? ስንት ልግዛ? እንጀራ አለ ወይ ቤት?» እግሩ ነው የመጣው፣ ሐሳቡ ሚስቱ ጋ ነው ያለው። እሷ ቢሮዋ ውስጥ ደንበኛ ፊት ቀርቦባት እያለ የእንጀራ ቁጥር ትቆጥራለች። ይሄ ሥራ ነው፣ ማንም ሥራ ብሎ የማይጠራው ሥራ።

የሱቁ ባለቤት ይሄን አይታዋለች። ደንበኞቿ እትዬ ነው የምንላት፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆናት ፈርጠም ያለች ሴት ናት፣ ብዙም አታወራም። ወንዶቹ ስልክ እየደወሉ ሰልፉን ሲያቆሙባት ጊዜ በየማሸጊያው ላይ ወረቀት መለጠፍ ጀመረች። አሁን ፊቴ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ቀይ፣ የጾም፣ ለ4 ሰው። ድስት ውስጥ ገልብጥ። 5 ብርጭቆ ውኃ ጨምር። ሲፈላ 1 ብርጭቆ ተኩል የታጠበ ምስር ክተት። እሳቱን ቀንስ። ምስሩ ሲፈርስ ጨው ቅመስና አውጣ። 6 እንጀራ ይበቃል።» በቃ፣ ይሄው ነው።

የዚህች ወረቀት ጥቅም ከቁሌቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እኛ ቤት ማክሰኞና ሐሙስ ወጥ የሚሠራው ባለቤቴ ነው። ይገዛል፣ ይሠራል፣ እኔ ምንም አልባልም። ምን እንበላ ይሆን እያልኩ ከቢሮ አልወጣም። መጀመሪያ ጨው ይበዛበት ነበር፣ አሁን ተስተካክሏል፣ ልጄ እንዲያውም የአባቷን ምስር ትመርጣለች። የሴኡሏ ጓደኛዬ ያጣችው ይሄንን ነው። እዚያ ያለው አገልግሎት ሁሉ ሚስትን ለማገዝ የተሠራ ነው፣ ኃላፊነቱን ከሷ ለማንሳት ግን የተሠራ አይደለም።

ጃፓንም ያው ነው። ሕጉ ለአባት እስከ 1 ዓመት የሚደርስ የልጅ ማሳደጊያ ፈቃድ ይሰጣል፣ ግን በ2023 የተጠቀሙበት 30 በመቶ ገደማ ናቸው፤ እሱም ከስንት ግፊት በኋላ ነው፣ ብዙዎቹም ለጥቂት ሳምንት ብቻ። ከዚያ የግብር ሕጉ አለ። የሚስት ገቢ በዓመት ከ1.03 ሚሊዮን የን ካለፈ ግብር ስለሚመጣ፣ ያን እንዳያልፍ ሲባል ስንት ሴት ለአሥርት ዓመታት ሰዓቷን ቆርጣ የከፊል ሰዓት ሥራ ላይ ቀርታለች። ጣሪያውን ከፍ ያደረጉት ገና በ2025 ነው። በኛ አገር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። እናት ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን፣ አባት 3። በ3 ቀን ውስጥ አጥሚት ማፍላት እንኳ አይለመድም።

ታይዋን ትንሽ ይለያል። እዚያም የኮንፊሽየስ ባህል ነው፣ ግን ወጣት እናቶች እንደ ኮሪያና ጃፓን ድሮ በብዛት ሥራ ለቀው አልጠፉም። ከምክንያቶቹ አንዱ እራት ነው። ታይፔ ውስጥ ውጭ መብላት ወይም ገዝቶ ቤት መግባት የዕለት ነገር ነው፣ ማንም ሚስቲቱን ሰነፍ አይላትም። አያቶችም ቅርብ ናቸው። ልጅ መውለዱ ግን እዚያም ቀንሷል፣ ከ1 በታች ነው፤ ስለዚህ እራት መግዛት ሁሉን ይፈታል አልላችሁም።

አያት ካልኩ ዘንድ ቻይናን ላንሳ። ቻይና ውስጥ ሠራተኛ ሴቶች በ50፣ የቢሮ ሴቶች በ55 ጡረታ ይወጡ ነበር። የዚህ ውጤት ምን ሆነ መሰላችሁ? አያት ገና ጉልበቷ ሳይደክም ነፃ ትሆናለች፣ ልጇ ያለችበት ከተማ ድረስ ሄዳ የልጅ ልጅ ታሳድጋለች፣ እናት ሥራዋ ላይ ትቆያለች። አሁን ከጥር 2025 ጀምሮ ዕድሜው በ15 ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ 55 እና 58 እያደገ ነው። አያት ቢሮ ከቆየች ልጁን ማን ይይዛል የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። እኛ ጋ ደግሞ አያትን ያራቃት ቤት ነው። እናቴ መሐል ከተማ እያለች ልጆቼ ከትምህርት ቤት በእግራቸው እሷ ጋ ይገቡ ነበር። አሁን እሷ ያለችው ሁለት ታክሲ ተይዞ ነው። ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ እንዲሁ ናቸው። ሞግዚት ፈልጉ እንዳትሉኝ፣ ጎበዝ ሞግዚት ዛሬ ዓረብ አገር ናት።

እዚህ ላይ ስለ ሱቁ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከመሸጫው ጀርባ ሽንኩርት የሚልጡና የሚያቁላሉ ሴቶች አሉ። በሩ ክፍት ሲሆን ይታያሉ፤ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ አጠገባቸው የልጣጭ ክምር። የኔ ማታ የሚቀለው በነሱ እጅ ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ የቤት ሠራተኞች አሉ፣ አብዛኞቹ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ የመጡ። የሆንግ ኮንግ እናት ቢሮዋ የምትውለው የነሱ ጉልበት ስላለ ነው፣ ብዙዎቹ ግን የራሳቸውን ልጆች አገር ቤት ትተው ነው የመጡት። የአንዷ ሸክም ሌላዋ ጀርባ ላይ ነው የሚያርፈው። እና እትዬን በቀጥታ ጠየቅኳት፣ እነዚህ ሴቶች ልጆቻቸውን የት ነው የሚያውሉት? ሥራው ጠዋት 12 ሰዓት ይጀምርና 9 ሰዓት ላይ ያበቃል አለችኝ፤ ተማሪ ልጅ ያላት ልጇ ሳይመጣ ቤቷ ትገባለች። ከነሱ አንዷን ስጠይቅም ይሄንኑ ነው ያለችኝ፣ ደመወዙ ሌላ ቦታ ይሻል ነበር፣ ሰዓቱ ግን አይገኝም ብላ። ማታ ወረፋው ሲበዛ ቁሌት የሚያልቀውም በዚህ ነው፣ ከ9 ሰዓት በኋላ አዲስ ድስት አይጣድም። አንዳንዱ ደንበኛ ይቆጣል። እባካችሁ አትቆጡ።

በዓል ላይ ነው ትልቁ ፈተና። ኮሪያ ውስጥ በቹሶክ በዓል ምራት ባሏ ቤተሰቦች ዘንድ ሄዳ ለባሏ ቅድመ አያቶች የሚቀርበውን ምግብ ስትሠራ ትውላለች፣ በተለይ ጆን የሚባለውን በዱቄትና በዕንቁላል የሚጠበስ ነገር። ወገብ ይቆርጣል። በ2022 ግን ሰንግኪዩንኳን፣ ማለት የኮሪያ የኮንፊሽየስ ሥርዓት ዋና ተቋም፣ መግለጫ አወጣ፤ ጆን መጥበስ ግዴታ አይደለም፣ ዘጠኝ ዓይነት ምግብ በቂ ነው፣ ሥርዓቱ የተሠራው ሰው እንዲጣላ አይደለም አለ። የሥርዓቱ ጠባቂዎች ራሳቸው! እኔ ይሄን ሳነብ ያሰብኩት የፋሲካን ዶሮ ነው። አስራ ሁለቱን ብልት ማውጣት፣ በሎሚና በጨው ማጠብ፣ ሽንኩርቱን ከዋዜማው ጀምሮ ማቁላላት፣ ከዚያ እንቅልፍ ሳይተኙ እንግዳ መቀበል። ዶሮው ይቅር አልልም፣ እኔም ዶሮ ወጥ ሳይሸተኝ ፋሲካ አይመስለኝም። ግን ቁሌቱን ገዝቼ ብሠራው ማንን በደልኩ? ባለፈው ፋሲካ በነሱ ቁሌት ሠርቼ አማቴ ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች። ከየት እንደሆነ ነገርኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ «ለእንቁጣጣሽ ለኔም አምጪልኝ» አለች።

አሁን ጉድለቷ። ዘይት ያበዛሉ፣ በተለይ የጾሙ ላይ፤ እኔ ከላይ ያለውን ቀድቼ ለሽሮ አስቀምጠዋለሁ። ክዳኑ በደንብ አይገጥምም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ፈሶ የቢሮ ወረቀት አበላሽቶብኛል፣ ስለዚህ በፌስታል አስጠቅልሉት። አልጫው ቶሎ ያልቃል። ለሁለት ሰው የሚሆን ትንሽ እሽግ የለም፣ አዲስ ተጋቢዎች ይቸገራሉ። በሞተር የሚልኩት ደግሞ ሰዓቱ አይታመንም፤ 11 ሰዓት ብለውኝ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ አለ፣ ያን ቀን እንቁላል ጠብሰን በላን። መብራት በጠፋ ማግስት ስትገዙ የተሠራበትን ቀን እዩ፣ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል፣ ፍሪዘር ውስጥ ከወር በላይ።

ዋጋው ግማሽ ኪሎ ቀይ 400 ብር ነው፣ በቅቤው ይጨምራል። ሽንኩርቱንና ዘይቱን ቤት ውስጥ ብታሰሉት ልዩነቱ ብዙ አይደለም፣ ከሰል ወይም መብራት ከተጨመረ ደግሞ ይጠባል። በቴሌብር ይከፈላል። ቅዳሜ እስከ 8 ሰዓት ክፍት ነው፣ እሑድ ዝግ። ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት የሚደርስ ሰው ካላችሁ ሰልፍ የለም፣ አልጫውም ይገኛል። ለፋሲካ የዶሮ ቁሌት የምትፈልጉ ከሆሳዕና በፊት ሄዳችሁ ተመዝገቡ፣ ቀብድ ግማሹን ይቀበላሉ። ከቻላችሁ የሚመዘገበው ባልየው ይሁን፣ ስልኩንም የራሱን ይስጥ፣ ሲደርስ የሚደወለው ለተመዘገበው ሰው ነው።